ስለ ብረት መመርመሪያ መኪናና ስለ ማስወገጃው ጊዜ አወሳሰን

ሽሮ፣ በርበሬና ይህን የመሳሰለው የተፈጨ ምግብ በፋብሪካ እየታሸገ በአገር ውስጥ ከመሸጡም በላይ፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መላኩ የታወቀ ነው። ከወንፊት የተበጠሰ ሽቦ ወይም ከወፍጮ መዶሻ የተሸረፈ ብረት ከዱቄቱ ጋር ተደባልቆ ከበላተኛው አፍ እንዳይደርስ፣ እሽጎቹ ኮንቬየር በተባለው ተጓዥ ቀበቶ ላይ ሆነው በብረት መመርመሪያ መኪና ውስጥ እንዲያልፉ ይደረጋል። ብዙ ባለ ፋብሪካዎች መኪናው ብረቱን ማግኘቱን አጥብቀው ሲጠይቁ፣ ብረት የተገኘበት እሽግ በእርግጥ ከቀበቶው መውረዱን ግን ሳይመረምሩት ይቀራሉ። ማግኘትና ማስወገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ማግኘቱም ቢሆን በቀላሉ የተገኘ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት በቆሰሉ ጊዜ፣ በስልክ ፈጠራው ስመ ጥር የሆነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ፈልጎ ሳያገኘው ቀርቷል። በዛሬዎቹ የፋብሪካ መኪናዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የሽቦ ጥቅልሎች ይገኛሉ፤ መካከለኛው የማግኔት መስክ ሲፈጥር በፊትና በኋላ ያሉት ይቀበላሉ፤ ብረት ባለፈ ጊዜ የሁለቱ ሚዛን ይዛባል።

ምልክቱን የሚቀበለው ማስወገጃ ጥቂት ራቅ ብሎ የተተከለ፣ በታመቀ አየር የሚወነጨፍ ገፊ ክንድ ነው እንበል። ቀበቶው በደቂቃ 30 ሜትር ማለትም በሴኮንድ 50 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። እሽጉ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ከመመርመሪያው በፊት የተተከለችው የብርሃን ዐይን የእሽጉን ግንባር ከምታይበት ስፍራ እስከ ክንዱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ክንዱ የእሽጉን ወገብ እንዲመታ ከተፈለገ የግማሹ ርዝመት 12.5 ይጨመራል፤ 162.5 ለ50 ሲካፈል 3.25 ሴኮንድ ይሆናል። ክንዱ ትእዛዝ ተቀብሎ እሽጉን እስኪነካ 0.15 ሴኮንድ የሚፈጅበት ከሆነ፣ ይህ ተቀንሶ ትእዛዙ በ3.10 ሴኮንድ ይሰጣል።

የብርሃን ዐይን በሌለበት ቆጠራው የሚጀምረው ብረቱ ከታየበት ቅጽበት ነው። ብረቱ ግን በእሽጉ ግንባር ወይም በጅራቱ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱም ግማሽ ሴኮንድ ነው። ትልቅ ብረት ደግሞ ከትንሹ ቀድሞ ይታያል። ስለዚህ ዐይኗን ለመግዛት መሠሠት አይገባም።

ከሁሉ የከፋው ችግር የሚመጣው ግን ፍጥነቱ ሲለወጥ ነው። ዐቢይ ጾም ተቃርቦ የሽሮ ትእዛዝ ሲበዛ፣ አንዱ ሠራተኛ ቀበቶውን ወደ 40 ሜትር ከፍ ያደርገዋል፤ የማስወገጃውን ጊዜ የሚያስታውስ ግን የለም። እሽጎቹ ከግንባር እስከ ግንባር በ50 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው የሚሄዱ ከሆነ፣ ብረት ያለበት እሽግ ክንዱ በሚወነጨፍበት ጊዜ 54 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ሄዷል፤ ክንዱም ተከታዩን ንጹሕ እሽግ ወገቡን ይመታዋል። በሣጥኑ ውስጥ የተጣለ እሽግ በመታየቱ ሁሉም ይረካል፤ ብረቱ ግን ወደ ካርቶን ገብቷል። ይህን ለማስቀረት በሴኮንድ ፈንታ የቀበቶውን ከበሮ ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ይገጠማል። እርሱም ቢሆን ቀበቶው በዱቄት ብናኝ ምክንያት ሲንሸራተት አያውቅም፤ የክንዱንም 0.15 ሴኮንድ አያሳጥርም። የአየሩ ግፊት ቢወርድ ክንዱ ይዘገያል።

ሙከራው በእውነተኛው ፍጥነትና በእውነተኛው እሽግ መደረግ ይገባዋል። የብረት፣ የነሐስና የማይዝገው ብረት መሞከሪያ እንክብሎች (የመጨረሻው ለመገኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው) በግንባር፣ በወገብና በጅራት እየተደረጉ ያልፋሉ። ሁለት ብረት ያለባቸው እሽጎች ተከታትለው ማለፋቸውም መረሳት የለበትም፤ አንዱን ሲጠብቅ ሁለተኛውን የሚዘነጋ ቆጣሪ አለና። የሚጣልበት ሣጥን በቁልፍ የተዘጋ ይሁን፤ እሽግ በእርግጥ መውደቁን የሚያረጋግጥ ሌላ ዐይን ይኑረው፤ ካልወደቀ ቀበቶው ራሱ ይቁም።

በሙከራ ላይ ያልተጣለ እሽግ ከተገኘ፣ ከመጨረሻው የተሳካ ሙከራ ወዲህ ያለፈው ዕቃ ሁሉ ተይዞ እንደገና ይመረመራል። በደቂቃ 60 እሽግ በሚያልፍበት ፋብሪካ፣ ሙከራው በየሁለት ሰዓቱ ከተደረገ የሚያዘው 7,200 እሽግ ነው፤ በስምንት ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን 28,800 ይደርሳል፤ ከዚህም ውስጥ ወደ ደንበኛ መጋዘን የሄደ ሊኖር ይችላል።