ለሳፋሪ ወደ ኬንያ የሚሄድ ነጋዴ በከተሞቹ ሊያየው ስለሚገባው

ከነጋዴዎቻችን መካከል የዓመት ዕረፍታቸውን አራዊት በማየት ለማሳለፍ ወደ ኬንያ የሚሄዱ አሉ። ይሁን እንጂ ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ አንበሳና ስለ ዝሆን ብቻ ነው፤ ናይሮቢን የሚያውቋት በአይሮፕላን ማረፊያዋና በአንድ ሌሊት ማደሪያዋ ነው። የዚህም ምክንያት የጕዞ ወኪሎች የሚያዘጋጁት መርሐ ግብር ነው። ባለፈው ዓመት አሠሪዬ እንድመረምረው የሰጡኝ አንድ የሰባት ቀን መርሐ ግብር ሰባቱንም ቀን ለዱር ሰጥቶ፣ ለከተማ የተወው ከአይሮፕላን ወርዶ መኪና እስኪሳፈሩ ያለውን ሰዓት ብቻ ነበር። እኛም ሦስት ቀን እንዲጨመርበት ጠየቅን። በእነዚያ ቀኖች ያየነውንና የጠየቅነውን ለሥራ ጓደኞቻችን መግለጥ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ ይህን ጽፌአለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሳፋሪ የስዋሂሊ ቃል ሲሆን ትርጕሙ ጕዞ ነው፤ ሥሩም ዐረብኛ ነው። ቃሉ ስለ አራዊት የሚናገረው ነገር የለም። ጨርቅና ዶቃ ጭኖ ከባሕር ዳር ወደ መሀል አገር የሚወጣው፣ የዝሆን ጥርስ ይዞ የሚመለሰው ነጋዴ ጕዞም ሳፋሪ ይባል ነበር፤ አባቶቻችን የሲራራ ንግድ እንደሚሉት መሆኑ ነው። ስለዚህ በሳፋሪ መካከል ገበያ የሚያይ ነጋዴ ከጕዞው ዓላማ ወጣ ሊባል አይችልም።

ናይሮቢ የባቡር ልጅ ናት። በ1896 ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ በ1899 በደረሰበት፣ ማሳዮች በቋንቋቸው «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለው በሚጠሩት ረግረግ ሜዳ ላይ የባቡሩ ሠራተኞች የሰፈሩበት ስፍራ ከተማ ሆነ። እኛም ድሬዳዋን ያገኘነው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1902 በዚሁ ዐይነት ነው። ከሐዲዱ ጋር የህንድ ነጋዴዎች ተከትለው ሱቅ ከፈቱ። ከእነርሱም ስሙ ጐልቶ የሚነሣው በ1916 ያረፈው አሊዲና ቪስራም ነው፤ ከሞምባሳ ጀምሮ እስከ ኡጋንዳ ድረስ ሱቆቹን እንደ መቍጠሪያ ደርድሮ ነበር። በ1909 የአሜሪካው ቴዎዶር ሩዝቬልት ለአደን በመጡ ጊዜ ድንኳን፣ ስንቅና ተሸካሚ ማቅረብ በናይሮቢ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኖ ቈይቶአል።

ለነጋዴ የሚያስደንቀው ግን ይህ ንግድ የተለወጠበት መንገድ ነው። የኬንያ መንግሥት በ1977 አደንን ከለከለ፤ በ1978 ደግሞ የአራዊት ቆዳ፣ ቀንድና የመሳሰለውን መሸጥ አቆመ። ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ሳለ ሕጉ ደረሰበት። በ1989 ፕሬዚዳንት ሞይ 12 ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሕዝብ ፊት አቃጠሉ። ዛሬ በመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች የሚታየው የካምባ ጠራቢዎች የእንጨት ሥራ፣ ከኪሲ አገር ለስላሳ ድንጋይ የተቀረጸ ዕቃ፣ የማሳይ ዶቃና ኪዮንዶ የተባለው የቃጫ ዘንቢል ነው። ማንም በጓዳ በር የዝሆን ጥርስ ቢያሳይዎ ዞር ብለውም አይዩት፤ ወንጀል ነው።

ከላይ የተነገረው ፓርክ በ1946 የተቋቋመና 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከከተማው አጠገብ ስለሚገኝ ማለዳ አንበሳ ፈልጎ ከቀትር በፊት ገበያ መግባት ይቻላል። አስመጪ የሆነ ሰው ከሰዓት በኋላውን ለኢስሊ ሰፈር እንዲሰጥ እመክራለሁ። በ1990ዎቹ ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማደሪያ የእንግዳ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ወደ ሱቅነት ተለወጡ፤ ከአገራቸው በጦርነት የወጡ ሶማሌዎች ከፍ ያሉ የገበያ ሕንፃዎችን አከታትለው ሠሩ። ዛሬ ልብስና ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥበት ትልቅ ስፍራ ነው፤ ከአገራችን የሄዱ ሰዎችም ብዙ ስለሚኖሩበት በአማርኛና በኦሮምኛ ዋጋ መጠየቅ አያስቸግርም። ትንሹ ባለ ሱቅ እንኳ ከ2007 ወዲህ በተስፋፋው ኤም ፔሳ በስልክ ሒሳብ ይቀበላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ኬንያ ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት በብርቱ ቅጣት ስለ ከለከለች፣ ከአዲስ አበባ ሱቅ የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ መውረድ ጣጣ ያመጣል።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በአይሮፕላን መሄድ ጊዜ ይቈጥባል፤ እኔ ግን በ2017 የተከፈተውን ባቡር እመርጣለሁ። ሐዲዱ በጻቮ ሰፊ ፓርክ መካከል ስለሚያልፍ፣ ዕድል የቀናው መንገደኛ ከወንበሩ ሳይነሣ ዝሆን ያያል። ሁለቱም ጣቢያዎች ከመሀል ከተማ ርቀው ስለሚገኙ ለታክሲ የሚበቃ ጊዜ መተው ያስፈልጋል።

ሞምባሳ ደሴት ናት፤ ሁለት ወደቦችዋም ሁለት ዘመን ያሳያሉ። በምሥራቅ በኩል ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ በሠሩት የኢየሱስ ምሽግ ሥር የቀድሞው የጀልባ ወደብ አለ። ከበስተ ኋላው በተዘረጋው አሮጌ ከተማ ጠባብ መንገዶች፣ የተጠረቡ በሮችና ዝንጅብል የገባበት መራራ ቡና በትንንሽ ሲኒ የሚቀዱ ሰዎች ይገኛሉ። በምዕራብ በኩል ኪሊንዲኒ አለ፤ ስሙም ጥልቅ ስፍራ ማለት ነው። የኡጋንዳ፣ የሩዋንዳና የደቡብ ሱዳን ዕቃ የሚያልፈው በዚህ ነው። ዕቃው በጅቡቲ የሚመጣለት የእኛ ነጋዴ፣ ወደብ የሌላቸው የሌሎች አገሮች ነጋዴዎች በሰው ወደብ እንዴት እንደሚሠሩ ከትራንዚተሮቹ ቢጠይቅ አንበሳ ከማየት ያላነሰ ይጠቀማል። ላኪዎችም የሻይ ቅጠሉን ሐራጅ ነገር ሊጠይቁ ይገባል። በ1956 በናይሮቢ ተጀምሮ በ1969 ወደ ሞምባሳ የተዛወረው ይህ ሐራጅ የኬንያን ብቻ ሳይሆን የጎረቤት አገሮችንም ሻይ ይሸጣል። ከ2020 ወዲህ ግብይቱ በኤሌክትሮኒክ ስለሚፈጸም በአዳራሽ ተቀምጦ የሚሰማ ጩኸት የለም፤ ይህ ትንሽ ያሳዝናል።

ናይቫሻን በአበባ እርሻዋ፣ ናኩሩንም በ2021 የከተማነት ማዕርግ በማግኘትዋና ከሐይቅዋ ፓርክ ጋር በመጐራበትዋ አልፌ እጠቅሳለሁ፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ስለሆኑ ምሳ በአንዱ፣ አዳር በሌላው ሊሆን ይችላል።

ስለ ናሮክ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ወደ ማሳይ ማራ በመኪና የሚሄድ እንግዳ በናሮክ ያልፋል፤ ቤንዚን ይቀዳል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ከመንገድ ዳር ሱቅ ብርድ ልብስ ይገዛል። ከናይሮቢ ዊልሰን አይሮፕላን ማረፊያ በትንሽ አይሮፕላን የሚሄደው ግን በቀጥታ በፓርኩ ሜዳ ያርፋል፤ ምግቡም መኝታውም አስቀድሞ ስለ ተከፈለ ለናሮክ ባለ ሱቅ ሳንቲም አይደርሰውም። ሁለቱ እንግዶች ያዩት አንበሳ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ለከተማው ግን አንዱ ደንበኛ፣ ሌላው በሰማይ የሚያልፍ ድምፅ ነው። ይህን የምጽፈው ጂንካ ለማጎ፣ አርባ ምንጭም ለነጭ ሳር ፓርክ በር ስለ ሆኑ ነው። በነዚህ ከተሞች ያሉ ነጋዴዎች እንግዳውን ለአንድ ሰዓት የሚያቆም ነገር ካላዘጋጁ፣ ማለትም ንጹሕ መጸዳጃ፣ ዋጋው የተጻፈበት የእጅ ሥራና ጥሩ ቡና ካላቀረቡ፣ ገንዘቡ በአዲስ አበባ ተከፍሎ በአዲስ አበባ ይቀራል።

ጊዜ ያለው ሰው በመኪና በሞያሌ በኩል መሄድ ይችላል። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ አስፋልት ሆኖአል፤ የሁለቱን አገሮች የድንበር አገልግሎት በአንድ ስፍራ የሚሰጠው ጣቢያም በ2020 ተመርቆአል። በመንገዱ ላይ ማርሳቢት ትገኛለች፤ ኢሲዮሎ ሳይደርሱም ወደ ሳምቡሩ የአራዊት ክልል የሚታጠፉት በአርቸርስ ፖስት ነው። ወረቀቱን አስቀድሞ ከኤምባሲው ማጣራት፣ ለመኪናውም የድንበር ማለፊያ ኢንሹራንስ መግዛት ያስፈልጋል።