ላይቭ ከመካነ ሰላም

መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ ጎጃምን የምትጎራበት የደቡብ ወሎ ከተማ ናት። ከዚህ ደጋ ወጥቶ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራው ወጣት ብዙ ነው፤ እህቱ ስትዳር ታዲያ ዳሱ ውስጥ የሚገባው በስልክ ነው። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ የሚመረቁ ልጆች ወላጆችም ሁሉም እስከዚህ ድረስ ተጉዘው መምጣት አይሆንላቸውም። «ላይቭ ግቡልን» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለእንዲህ ያለው ሥራ የሳተላይት መኪና ያሰማራሉ፣ አለበለዚያ በ2006 እ.ኤ.አ. እንደተመሠረተው ላይቭዩ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሩትን፣ የብዙ ሲም ካርዶችን መስመር አጣምሮ ምስል የሚልክ መሣሪያ ይይዛሉ። የወረዳ ከተማ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጺ ይህን የሚገዛበት አቅም የለውም። ያለው አንድ ደህና ስልክ፣ ማቆሚያ፣ ፓወር ባንክና የዳታ ጥቅል ነው። በዚህም ይሠራል፤ ልፋቱ የት መዋል እንዳለበት ካወቀ።

ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ ያየ ሰው «ኔትወርኩ ጥሩ ነው» ይላል። ላይቭ የሚፈልገው ግን ከስልኩ ወደ ውጭ የሚሄደውን መስመር ነው፤ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው ያንሳል። የዚህ የወጪ መስመር ፍጥነት ሲለካ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ካሳየ 1 ብቻ መጠቀምና ቀሪውን ለመጠባበቂያ መተው ይሻላል። በ1 ሜጋቢት የሚታይ የ480ፒ ምስል ይወጣል፤ በሰዓትም 450 ሜጋባይት ያህል ይበላል። ልኬቱ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰዓት ይወሰድ። እንደ ተድባበ ማርያም ባለ ትልቅ ንግሥ ላይ ማለዳ የነበረው ፍጥነት፣ የሕዝቡ ስልክ ሁሉ አንዱን ታወር ሲሻማ አይገኝም። የቆርቆሮ ጣሪያም ኔትወርክ ይከለክላል፤ ስልኩን ወደ ደጃፉ ማውጣት ብቻ ብዙ ይለውጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ድምፅ። ምስል ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ቃሉ ከተቆረጠበት ግን ምንም አላየም። ድምፅ የሚጠይቀው ደግሞ ጥቂት ነው፤ በ64 ኪሎቢት ንግግር ጥርት ብሎ ይሰማል፣ በሰዓትም 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለአዲስ ካሜራ ሳይሆን ከመራቂው ጋቢ ላይ ለምትሰካ ትንሽ ማይክ ይውጣ። ኔትወርኩ ሲደክም ጥራቱን ዝቅ ማድረግ፣ ከባሰም አንድ ፎቶ አቁሞ ድምፁን ብቻ ማስኬድ ይቻላል።

ሌላው ዘዴ አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ ነው። ኤስአርቲ የተባለው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ለሁሉም በነፃ የተለቀቀው የመላኪያ ሥርዓት፣ መንገድ ላይ የጠፋውን የመረጃ ቁራጭ እንደገና ይልካል። ላሪክስ በተባለው መተግበሪያ ከዳሱ የተላከውን ምስል ወዳጁ ኦቢኤስ የተባለ የስርጭት ፕሮግራም በተጫነበት ኮምፒውተር ተቀብሎ፣ ጽሑፍ አክሎ ወደ ዩቲዩብ ያሳልፋል። ጥቂት ሰከንድ መዘግየት አለው፤ ለምርቃት ማን ይቸኩላል? ከመካነ ሰላም ያለው መስመር ለአፍታ ቢቋረጥም ስርጭቱ አይዘጋም፤ ወዳጁ ፎቶ አሳይቶ ይጠብቃል። ወዳጅ የሌለው በቀጥታ ከስልኩ ዩቲዩብ ላይ ይገባል፤ ለዚህ ግን ቻናሉ 50 ተከታይ ያስፈልገዋል፣ የመጀመሪያው ፈቃድም እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል በሠርጉ ጠዋት መጀመር አይሆንም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆይ ይህ ሁሉ ዘዴ ከንቱ ሆኖ ነበር። መብራትም እንደዚሁ ሳይነግር ይሄዳል። ለዚህ ሲባል ላሪክስ ላይ እያስተላለፉ እዚያው ስልኩ ላይ መቅዳት የሚያስችለው ምርጫ መከፈት አለበት፤ ላይቩ ቢቀር ሙሉው ሠርግ በሚሞሪ ካርድ ደሴ ለሚሄድ መንገደኛ ይሰጣል፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል።