ስለ አማተር ራዲዮ የሳተላይት ግንኙነት መዝገብና ስለ በደሳ የሰዓት አቈጣጠር

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የአማተር ራዲዮ ሰዎች በሳተላይት አማካይነት ያደረጉትን ግንኙነት በኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚያስገቡበትን ሥርዓት ማስረዳት ነው። ከዚህም ጋር ሥርዓቱ ከእኛ አገር የሰዓትና የቀን አቈጣጠር ጋር ሲገናኝ ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚወለድ እናሳያለን። ነገሩን ያጠናነው በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ በደሳ በሄድን ጊዜ ነው።

አማተር ራዲዮ ማለት አንድ ሰው ያለ ንግድና ያለ ደመወዝ፥ ለመማርና ለመሞከር ብሎ፥ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ በተወሰነለት ሞገድ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር የሚነጋገርበት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ባለ ፈቃድ የራሱ የጥሪ ምልክት አለው፤ የኢትዮጵያ ምልክቶች «ኢ ቲ» በሚሉት ፊደሎች ይጀምራሉ። በአምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ለምሳሌ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ይባላል። ለአማተሮች የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት ኦስካር 1 ሲሆን የተወነጨፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 12 ቀን 1961 ነበር። እሱ የሞርስ ምልክት ከመላክ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ከእሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ከምድር የተላከላቸውን ድምፅ ተቀብለው በሌላ ሞገድ ወደ ምድር ይመልሳሉ።

ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚጠቅመው ኪው ኦ 100 የተባለው ነው። ይህ መሣሪያ ለብቻው የተወነጨፈ ሳይሆን ኖቬምበር 15 ቀን 2018 በተላከው ኤስሃይል 2 በተባለው የቀጠር የቴሌቪዥን ሳተላይት ላይ የተጫነ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በ25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ እንደ ተተከለ ሆኖ ስለሚቆም፥ አፍሪካን በሙሉ፥ አውሮፓንና መካከለኛውን ምሥራቅ ሌት ተቀን ያያል። አማተሩ በ2400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወደ ላይ ይናገራል፤ መልሱን በ10489 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሰማል። ይህ የኋለኛው ሞገድ የቴሌቪዥን ዲሽ የሚቀበለው ዓይነት ነው።

በደሳ ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ ቡናና ጫት የሚነገድባት ከተማ ናት። እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ በጣራዎቿ ላይ ዲሽ ሞልቷል። የአክስታችን ባለቤት ከሱቃቸው ጓሮ የጣሉት አንድ አሮጌ ዲሽ ነበረና ለምነን ወሰድነው። በሒሳብ እንዳገኘነው ኪው ኦ 100 ከበደሳ ሲታይ ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ ከሰሜን በቀኝ ሲቈጠር በ240 ዲግሪ አቅጣጫ፥ ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ዲሹ ወደ ሰማይ እጅግ ማንጋጠጥ አለበት፤ የጎረቤት ልጆችም «ዝናብ ልታጠራቅሙበት ነው ወይ?» እያሉ ቀልደውብናል። በዲሹ ላይ ያለው ኤል ኤን ቢ ከሚመጣው ሞገድ ላይ 9750 ሜጋኸርዝ ስለሚቀንስ፥ 10489.75 የነበረው 739.75 ሆኖ ይወርዳል፤ ይህንንም በኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ በቀላሉ ይሰማዋል። ፈቃድ ስላልነበረን የሰማነው እንጂ የተናገርነው ምንም የለም። የጻፍነውም ለልምምድ ብቻ ስለ ነበር ወደ ዓለሙ መዝገብ አልላክነውም፤ መስማት ብቻውን ግንኙነት ተብሎ አይመዘገብምና።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። አክስታችን ቤት ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት የዱቤ ደብተር ይታያል፤ አንዱ በባለ ሱቁ እጅ፥ ሌላው በደንበኛው እጅ የሚኖር ነው። ወር ሲሞላ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ ከተስማሙ ዕዳው ታወቀ፥ ካልተስማሙ ክርክር ነው። የኤሌክትሮኒክ መዝገቡም አሠራር ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀድሞ አማተሮች ግንኙነታቸውን የሚያረጋግጡት በፖስታ በሚላላኩት ካርድ ነበር፤ ካርዱ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 የአሜሪካ ራዲዮ ሪሌይ ሊግ «ሎግቡክ ኦቭ ዘ ወርልድ» የተባለውን የዓለም መዝገብ ከፈተ። በዚህ መዝገብ ማንም ለማንም ካርድ አይልክም። ሁለቱ ተነጋጋሪዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዝርዝር ለብቻ ያስገባሉ፤ ማሽኑ ያስተያያል፤ ከተስማሙ ለሁለቱም «ተረጋግጧል» ይላል። አለመስማማታቸውን ግን የሚነግር የለም፤ መስመሩ ዝም ብሎ ሳይረጋገጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ስሕተቱ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚኖረው። ይህን ለአክስታችን ባለቤት ባስረዳናቸው ጊዜ በጥሞና አዳመጡንና «ታዲያ ዕዳው የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ከመሰለው ይልቅ ጥልቅ ሆኖ አገኘነው። ከኢትዮጵያ የሚናገር አማተር ጥቂት ስለ ሆነ፥ የሩቁ ሰው ከአንድ «ኢ ቲ» ጋር ለመገናኘት ብዙ ይደክማል። መቶ አገሮችን አገናኝቶ የሚሰጠውን የክብር ወረቀት የሚፈልግ ሰው ኢትዮጵያን በመዝገብ ካላገኘ ድካሙ ባዶ ነው። እኛ በተሳሳትን ጊዜ የሚከስረው እሱ ነው።

ማሽኑ የሚያስተያየው የሁለቱን የጥሪ ምልክት፥ የሞገዱን ክልል፥ የአነጋገሩን ዓይነት (በድምፅ፥ በሞርስ ወይም በሌላ)፥ ቀኑንና ሰዓቱን ነው። በሰዓት በኩል ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ልዩነት ይታገሣል። ለሳተላይት ግንኙነት ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም መንገዱ በሳተላይት መሆኑና የሳተላይቱ ስም ነው። ስሙ ማሽኑ በሚያውቀው አጻጻፍ መሆን አለበት። ለምሳሌ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር የተደረገ ግንኙነት በዚህ መዝገብ የሚጻፈው በጣቢያው ስም ሳይሆን «አሪስ» ተብሎ ነው፤ ይህን የማያውቅ ጀማሪ ብዙ ይሳሳታል። በሳተላይት መሆኑን መጻፍ የዘነጋ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ በርሊን ድረስ በ2400 ሜጋኸርዝ በቀጥታ ተነጋገርሁ እንዳለ ይቈጠራል። ማሽኑ አይስቅም፤ አያገናኝምም እንጂ።

ዝርዝሩ የሚላከው አዲፍ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በእሱ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ስሙና የፊደሎቹ ብዛት ተጽፎበት ይቀመጣል። ከመላኩ በፊት በዲጂታል ፊርማ ይፈረማል። የፊርማው ቍልፍ የሚኖረው በባለቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው ይህን ለማግኘት የፈቃዱንና የመታወቂያውን ቅጂ መላክ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሰዓት ነው። መዝገቡ የሚያውቀው ዩ ቲ ሲ የተባለውን የዓለም ሰዓት ብቻ ነው። ስልካችንና ኮምፒዩተራችን የሚያሳዩት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከዚህ በ3 ይቀድማል። በበደሳ ግን ሰው የሚናገረው ከንጋት ጀምሮ በሚቈጠረው ሰዓት ነው። እንግዲህ ለአንድ ቅጽበት ሦስት አነጋገር አለ ማለት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት የምንለው በስልክ 15 ሰዓት፥ በመዝገቡ 12 ሰዓት ነው። ሦስቱን ስናስተያይ አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘን። የቀን ከሆነ በአባቶቻችን ሰዓት ላይ 3 መጨመር ብቻ ይበቃል። የሌሊት ከሆነ 15 ይጨመራል፤ ድምሩ 24 ከሞላ 24 ይቀነስና ቀኑ በአንድ ይጨምራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት 17 ይሆናል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት 25 ስለሚሆን የማግሥቱ 1 ሰዓት ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው ሌሊቱ የገባበት ምሽት ቀን ከተያዘ ብቻ ነው፤ ችግሩም የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2017 ሐሙስ ዕለት ነበር፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 17 ቀን 2025 ነው። በዚያ ሌሊት እኛ እስከ 7 ሰዓት ካዳመጥን በኋላ ተኛን፤ ነገር ግን 10 ሰዓት ላይ ነቅተን አንድ የጥሪ ምልክት ሰማንና በደብተራችን «ሐምሌ 10፥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብለን ጻፍን። የአክስታችን ልጅ በዚያው ሰዓት ሌላ ምልክት ሰምቶ በራሱ ወረቀት «የጁምዓ ሌሊት 10 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። አዲስ አበባ ተመልሰን ወደ ኮምፒዩተር ስናገባ የእኛን ጁላይ 17፥ የእሱን ጁላይ 19 አደረግነው። እውነተኛው ሁለቱም ጁላይ 18 ከ1 ሰዓት ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ፥ በአንድ ዲሽ ሥር፥ በአንድ ሰዓት የተሰማ ድምፅ የሁለት ቀን ልዩነት አገኘ።

ምክንያቱን ለማወቅ በከተማው ያሉትን አዛውንቶች ጠይቀን ነበር። በእስልምናው ሥርዓት ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ስለዚህ የጁምዓ ሌሊት ማለት ዓርብን የሚያነጋው፥ እኛ የሐሙስ ሌሊት የምንለው ነው። በቤተ ክርስቲያንም ዕለቱ ከዋዜማው ምሽት ይያዛል። በተራው ንግግር ግን ብዙ ሰው ሌሊቱን ያለፈው ቀን ጭራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ጠንቃቃ ሰው «ሐምሌ 10 ለ11 አጥቢያ» ይላል። ይህ አነጋገር ሁለቱንም ቀኖች ስለሚይዝ የሚያሳስት ነገር የለበትም፤ ለመዝገብ ያዥ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘንም። ስልክም ቢሆን ከስሕተት አያድንም። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ስልኩ ወደ አዲሱ ቀን ሲሻገር መዝገቡ ገና በአሮጌው ቀን ላይ ነው። በእነዚህ 3 ሰዓቶች የልማዱ አቈጣጠር ከዓለሙ መዝገብ ጋር ይስማማል፤ የሚለየው ስልኩ ነው። የዩ ቲ ሲ ቀን የሚለወጠው በእኛ 9 ሰዓት ሌሊት፥ በስልኩ እኩለ ሌሊትና በእኛ ንጋት መካከል በትክክል ነውና።

ወርና ዓመት መለወጡ ያን ያህል አያስቸግርም፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን በቃል አስጠንተውናል። ሆኖም ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እንዳለ መርሳት አይገባም። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ ቲ አር ኤስ ኤስ 1 የተወነጨፈችበት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዲሴምበር 20 ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ታኅሣሥ 10 ግን ዲሴምበር 19 ላይ ዋለ።

ከጻፍናቸው 14 የጥሪ ምልክቶች 5ቱ የተሳሳቱ ሆነው ተገኙ፤ ሁለቱ ከላይ እንደ ተነገረው በቀን፥ ሦስቱ ደግሞ የስልኩን ሰዓት 3 ሳንቀንስ በመጻፋችን ነው። ስሕተቱን ያወቅነው ኮምፒዩተሩ ድምፁን ሲቀዳ የዩ ቲ ሲ ሰዓት ያትምበት ስለ ነበር ነው። በዝቅተኛ ምሕዋር የሚዞር ሳተላይት ቢሆን ኖሮ ሌላ ምስክር ይገኝ ነበር፤ እንዲህ ያለው ከአድማስ ወጥቶ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ስለሚጠልቅ፥ በሌለበት ሰዓት የተጻፈ ግንኙነት ሐሰት መሆኑ በስሌት ይታወቃል። ኪው ኦ 100 ግን የማይጠልቅ ነውና የተሳሳተውንም ሰዓት አይክድም።

ስለ ቦታ ጥቂት እንጨምር። አማተሮች ምድርን በኬንትሮስ 2 ዲግሪ፥ በኬክሮስ 1 ዲግሪ በሆኑ ካሬዎች ይከፍላሉ። በደሳ «ኤል ጄ 08» ናት፤ ጭሮ ግን ከ9 ዲግሪ ኬክሮስ በስተሰሜን ስለ ሆነች «ኤል ጄ 09» ትባላለች። አምስት ኪሎ «ኬ ጄ 99» ነው፤ ከ«ኬ» ወደ «ኤል» የሚያሻግረው የ40 ዲግሪ መስመር በመተሐራና በአዋሽ ከተማ መካከል ያልፋል። ካሬው ለማስተያየቱ አያስፈልግም፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ ቦታ ፈርሞ ከጭሮ የተናገረ ሰው ግንኙነቱ ይረጋገጥለታል። ነገር ግን በሳተላይት መቶ ካሬ ለማግኘት የሚደክመው የሩቁ ሰው ያላገኘውን ካሬ አገኘ፥ ያገኘውን አጣ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ የተለየ የቦታ መግለጫ አዘጋጅቶ መፈረም ይገባል።

በሜይ 2024 የሊጉ ኮምፒዩተሮች በመረጃ ሰባሪዎች ተጠቅተው የዓለሙ መዝገብ እስከ ጁላይ 1 ድረስ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ መዝገቡን ለማሽኑ ብቻ ትቶ መቀመጥ አይበጅም። እኛ አሁን ደብተራችንን በአራት ዓምድ አስምረነዋል፤ በመጀመሪያው የበደሳ ሰዓት ከነአጥቢያው፥ በሁለተኛው ዩ ቲ ሲ፥ በሦስተኛው የጥሪ ምልክትና ሞገድ፥ በአራተኛው የሳተላይቱ ስምና ካሬው ይጻፋል። የአዲፉ ፋይል አንድ ቅጂ በፍላሽ ከእኛ ጋር ነው፤ ደብተሩ ራሱ በደሳ፥ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ከዱቤ ደብተሮቹ ጋር ተቀምጧል።