በአንድ ሥዕል ላይ ሁለት ጊዜ

ፎቶግራፍ አይዋሽም ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ካሜራ ግን የሚመሰክረው የገባለትን ብርሃን ብቻ ነውና፥ ሁለት ጊዜ ብርሃን ቢያስገቡለት ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ ይመሰክራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በአንድ ሥዕል ላይ ደጋግሞ ስለ ማንሣት ነው።

ዘዴው ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የቀድሞዎቹ ፎቶግራፍ አንሺዎች የመስተዋቱን ሰሌዳ ወይም ፊልሙን ሳይለውጡ ሁለት ጊዜ እያነሡ ይሠሩት ነበር። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የቦስተን ነዋሪ የነበረው ዊልያም መምለር፥ የሞተ ዘመድ መንፈስ ከጀርባ ቆሞ ይታይበታል እያለ ፎቶግራፍ ይሸጥ ነበር። ጊዜው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ቤት ያፈረሰበት ስለ ነበረ ሐዘንተኛው ገንዘቡን ይዞ ይመጣ ነበር። በ1869 ኒውዮርክ ላይ በማታለል ተከሰሰ። ከምስክሮቹ አንዱ የነበረው ፒ. ቲ. ባርነም፥ በ1865 የተገደሉት ፕሬዚዳንት ሊንከን ከጀርባው ሆነው የሚታዩበትን የራሱን ፎቶግራፍ አቀረበ፤ ያሠራውም እንዲህ ያለ ሥዕል መሥራት ቀላል መሆኑን ለማሳየት ነበር። ዳኛው ግን ማስረጃው አይበቃም ብለው መምለርን ለቀቁት።

ዛሬ ይኸው ሥራ በዲጂታል ካሜራ ሜኑ ውስጥ ተሰናድቶ ይገኛል። ለምሳሌ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከ2 እስከ 9 ጊዜ የተነሣውን በአንድ ያዋሕዳል። አሠራሩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፤ ይኸውም ብርሃን በብርሃን ላይ የሚደመር መሆኑ ነው። የጠቆረው ስፍራ ያልተጻፈበት ብራና ነውና ሁለተኛው ሥዕል ይጻፍበታል። ፈጽሞ የነጣው ግን እንደ ሞላ እንስራ ነው፤ ሌላ አይቀበልም።

እኛም ይህን ሳናስተውል ሞክረን አፍረናል። የአንድ ወዳጃችንን ፊት በቀትር ፀሐይ ከነጭ ግድግዳ አጠገብ አነሣንና በላዩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ደገምንበት። የወጣው ፊትም ቅጠልም ያልሆነ ጉም ነበር። ወዳጃችንም «ያነሣችሁት እኔን ነው ወይስ ጭስ?» ብሎ ሳቀብን።

በማግሥቱ ተሰናድተን ጀመርን። ከሜኑው «መልቲፕል ኤክስፖዠር» የሚለውን ከፍተን ቁጥሩን 2፥ አደማመሩን «አዲቲቭ» አደረግን። ወዳጃችንን ከበረንዳ ጥላ ሥር በጎኑ አቆምነውና ከጀርባው ያለው ሰማይ ፈጽሞ እስኪነጣ ድረስ ብርሃን ጨመርን፤ ፊቱ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ሥዕል በካሜራው መስኮት እያየን ቅጠሉን ከፊቱ ጋር አስተካክለን አነሣን። በዚህ ጊዜ ቅጠሉ የወዳጃችንን መልክ ይዞ ወጣ።

ሁለቱም ነገሮች ብርሃን ያላቸው እንደ ሆነ ግን በእያንዳንዱ ላይ ብርሃኑን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ለ2 ሥዕል 1 እስቶፕ፥ ለ3 አንድ ተኩል፥ ለ4 ደግሞ 2 እስቶፕ ነው። «አቬሬጅ» ቢመረጥ ካሜራው ራሱ ይቀንሳል። «ብራይት» የሚለው ከሁለቱ ይበልጥ የበራውን ስለሚወስድ ለሌሊት መብራትና ለጨረቃ ይስማማል። በብዙዎቹ የኒኮን ካሜራዎች ደግሞ በመካከሉ 30 ሰከንድ ያህል ሥራ ቢቋረጥ ጅምሩ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ሥዕል አስቀድሞ መርጦ መነሣት ይሻላል።

በመምለር ላይ የቀረበው ክስ ሁለት ሥዕል አዋሐደ የሚል ብቻ አልነበረም፤ የተዋሐደውን እውነት ነው ብሎ ለሐዘንተኛ ሸጠ የሚል ነበር እንጂ። ተማሪው ለጥበብ ብሎ ቢያዋሕድ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን ከሥዕሉ ሥር «ሁለት ጊዜ የተነሣ ነው» ብሎ ይጻፍ። በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣትም ከመዝገብ ጋር ተያይዞ የመጣለትን ፎቶግራፍ ከመቀበሉ በፊት መነሻው የት እንዳለ ይጠይቅ። በተናገርነው ካኖን ላይ መነሻ ሥዕሎቹን ሁሉ ከውጤቱ ጋር የሚያስቀምጥ ምርጫ አለ፤ እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ምርጫ ሳንከፍት አናነሣም። የወዳጃችን ፊትና ቅጠሉ ለየብቻቸው ስለ ተቀመጡ፥ ማን ቢጠይቀን ሦስቱንም አውጥተን እናሳያለን።