አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ ሰሚውስ ምን ይከፍላል?

«አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል» የሚለው አባባል የቆየ ነው፡፡ ጤፍ ተቆልታ ለቁርስ የምትቀርብ እህል አይደለችም፡፡ አንደበት የተሰጠው ሰው ግን ቆልቶ ያስቀምሳል፤ ቀማሹም «ጣፈጠኝ» ብሎ ይሄዳል፡፡ ጥያቄው የቀመሰው ነገር ያልተስማማው ዕለት ምን ያደርጋል የሚለው ነው፡፡ አጉረምርሞ ይውጠዋል? ወይስ «ከእንግዲህ ከዚህ ሱቅ አልገዛም» ብሎ ይወጣል?

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የወሬ ገበያ በገንዘብ ተፈትኗል፡፡ ፈተናው የተካሄደው «የጆ ሮጋን ኤክስፒሪየንስ» በተባለው ፖድካስት ላይ ሲሆን፣ ሻጩ የስዊድኑ ስፖቲፋይ ኩባንያ ነበር፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ሚስተር ጆ ሮጋን ጋዜጠኛ አይደሉም፡፡ ቀልደኛ ናቸው፡፡ በድብልቅ ማርሻል አርት ፍልሚያዎች ላይ አስተያየት ሰጪ ናቸው፡፡ «ፊር ፋክተር» በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር አቅራቢነትም ይታወቁ ነበር፡፡ ፖድካስቱን የጀመሩት በዲሴምበር 2009 ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ነው፡፡ ዛሬ በማይክሮፎናቸው ፊት ፖለቲከኛው፣ ሐኪሙ፣ የጠፈር ተመራማሪው፣ አዳኙና ቦክሰኛው ይፈራረቃሉ፡፡ አንዱ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፡፡ አቅራቢው ያሰቡትን ሳያለሳልሱ ይናገራሉ፡፡ ሸቀጡም ይኸው ነው፡፡

ኩባንያው ወሬ ለምን ፈለገ?

ስፖቲፋይ ሥራውን የጀመረው ሙዚቃ በማሰማት ነው፡፡ የሙዚቃ ንግድ ግን ለቸርቻሪው ጠባብ ትርፍ ያለው ንግድ ነው፡፡ ከሚገባው ገንዘብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወደ ሙዚቃ አሳታሚዎችና ባለመብቶች ይሄዳል፡፡ አድማጭ በበዛ ቁጥር የባለመብቶቹም ድርሻ አብሮ ያድጋል፡፡

ወሬ እንዲህ አይደለም፡፡ አንድ ፖድካስት በቁርጥ ዋጋ ከተገዛ አንድ ሚሊዮን ሰው ሰማው፣ አሥር ሚሊዮን ሰው ሰማው፣ የግዢው ዋጋ ያው ነው፡፡ በላዩ የሚሸጠው ማስታወቂያ ግን ይጨምራል፡፡ ኩባንያው በ2019 መጀመሪያ ጊምሌትና አንከር የተባሉትን የፖድካስት ድርጅቶች የገዛው በዚህ ስሌት ነበር፡፡ በሜይ 2020 ደግሞ የሚስተር ሮጋንን ፖድካስት በብቸኝነት ለማሰራጨት ተዋዋለ፡፡ ዋጋው በጊዜው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘገበ፡፡ ኒውዮርክ ታይምስ በፌብሩዋሪ 2022 ባወጣው ዘገባ ግን የውሉ ዋጋ ቢያንስ 200 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ገለጸ፡፡

ሰሚው ምን ይላል?

ስለ ሚስተር ሮጋን የሚሰነዘረው የሰሚዎች አስተያየት በሦስት ወገን ይከፈላል፡፡

የመጀመሪያው ወገን ወዳጅ ነው፡፡ ይህ ሰሚ የቴሌቪዥን ዜና የሰለቸው ነው፡፡ በዜና ጣቢያ አንድ እንግዳ አራት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ በመሐሉ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ይሰናበታል፡፡ በሮጋን ቤት ግን እንግዳው እስኪበቃው ያወራል፡፡ አቅራቢው ያልገባቸውን «አልገባኝም» ይላሉ፡፡ ከግራውም ከቀኙም ሰው ይጋብዛሉ፡፡ ተራው ሰው ሊጠይቅ የሚፈልገውን ይጠይቃሉ፡፡ ወዳጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሱት ይህንን ነው፡፡

ሁለተኛው ወገን ተቃዋሚ ነው፡፡ እርሱ የሚለው «ሦስት ሰዓት መናገር መብት ይሁን፤ ሦስት ሰዓት ሲዋሽ ዝም ብሎ መስማት ግን ጥያቄ መጠየቅ አይደለም» ነው፡፡ እንግዳው ያሻውን ቁጥር ሲጠራ የሚያርመው አይኖርም፤ ቁጥሩም ሳይመረመር ወደ ሚሊዮኖች ጆሮ ይገባል ይላል፡፡

ሦስተኛው ወገን መሐል ሰፋሪ ነው፤ ብዙም ድምፁ አይሰማም፡፡ የቀልደኞቹንና የሳይንቲስቶቹን ጨዋታ ይሰማል፣ የፖለቲካውን ይዘላል፡፡ የዚህ ሰሚ ዋና ቅሬታ የደንበኛ ቅሬታ ነው፡፡ በ2020 መጨረሻ ፖድካስቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ስፖቲፋይ ሲገባ፣ በለመደው ቦታ በነፃ ይሰማ የነበረው ሰው ሱቅ ቀይር ተባለ፡፡ ወርኃዊ ክፍያ የከፈለውም ቢሆን አልተገላገለም፡፡ ክፍያው በዘፈኖች መካከል የሚገባውን ማስታወቂያ ያስቀራል እንጂ አቅራቢው በራሱ አንደበት የሚያነበውን አያስቀርም፡፡

ጠቡ የፈነዳበት ወር

በኤፕሪል 2021 ሚስተር ሮጋን ጤነኛ የሆነ የ21 ዓመት ወጣት የኮሮና ክትባት መውሰድ አለበት ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ፡፡ ወቀሳው ሲበዛ ሐኪም አለመሆናቸውን፣ የተከበረ የመረጃ ምንጭም አለመሆናቸውን ተናግረው ነገሩን በቀልድ ሊያልፉት ሞከሩ፡፡ በሴፕቴምበር ራሳቸው ኮሮና ይዟቸው እንደነበርና ከወሰዷቸው መድኃኒቶች አንዱ አይቨርሜክቲን መሆኑን ገለጹ፡፡ ይህ የጥገኛ ተውሳክ መድኃኒት ለኮሮና ይረዳል የሚለውን ሐሳብ በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች አልደገፉትም፡፡

በዲሴምበር 2021 የክትባቶቹ ተቃዋሚ የሆኑት ዶክተር ሮበርት ማሎን በእንግድነት ቀረቡ፡፡ ይህን ተከትሎ 270 የሚሆኑ ሐኪሞች፣ ሳይንቲስቶችና የሙያው መምህራን ለስፖቲፋይ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፡፡ የጠየቁት አቅራቢው እንዲባረር አልነበረም፡፡ ኩባንያው ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከት ግልጽ መመሪያ እንዲኖረው ነበር፡፡

በጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ሙዚቀኛው ኒል ያንግ ለኩባንያው ምርጫ ሰጡ፤ ወይ እኔ ወይ ሮጋን አሉ፡፡ ኩባንያው ምርጫው አልከበደውም፤ የያንግ ዘፈኖች ወረዱ፡፡ ድምፃዊት ጆኒ ሚቼልም ተከተሉ፡፡ እነዚህ ሁለት ካናዳውያን በልጅነታቸው በፖሊዮ የተያዙ ናቸው፡፡ ያኔ የፖሊዮ ክትባት አልነበረም፡፡ ክትባት የሌለበትን ዘመን በራሳቸው ገላ ያዩ ሰዎች ስለ ክትባት የሚነገር ወሬ እንደ ዋዛ ባያልፉት የሚያስገርም አይደለም፡፡

ያንግ በስፖቲፋይ ላይ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ወርኃዊ አድማጮች ነበሯቸው፡፡ ዘፈኖቻቸው በኢንተርኔት ተሰምተው ከሚያገኙት ገቢ 60 በመቶው የሚመጣው ከዚያው እንደሆነ ተናግረዋል፡፡ ስለ አቋማቸው ከኪሳቸው ከፈሉ ማለት ነው፡፡

ወዲያው ሌላ ችግር ተደረበ፡፡ አቅራቢው በቀደሙት ዓመታት ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ቃል ደጋግመው ሲጠሩ የሚያሳይ ምስል ተሰራጨ፡፡ ሚስተር ሮጋን በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፡፡ ወደ 70 የሚሆኑ የቆዩ ክፍሎችም ተነሱ፡፡ በጊዜው የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሚስተር ዳንኤል ኤክ በንግግሩ ማዘናቸውን፣ ሆኖም አቅራቢውን ዝም ማሰኘት መፍትሔ ነው ብለው እንደማያምኑ ለሠራተኞቻቸው ጻፉ፡፡ ድምፃቸው ሳይሰማ ለቆዩ ወገኖች ሥራ ማስፋፊያ የሚውል 100 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድቡም ቃል ገቡ፡፡ በኮሮና ላይ የሚነጋገሩ ክፍሎችም ማሳሰቢያ እንዲለጠፍባቸው ተወሰነ፡፡

አፍና ኪስ ሲለያዩ

በእነዚያ ሳምንታት ጩኸቱ ትልቅ ነበር፡፡ ፎረስተር የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ባደረገው የአስተያየት ጥናት፣ ከተጠየቁት የስፖቲፋይ ተጠቃሚዎች 19 በመቶው «አቋርጠናል» ወይም «ልናቋርጥ ነው» ሲሉ፣ 54 በመቶው የማቋረጥ ሐሳብ እንደሌላቸው ገልጸዋል፡፡ የ19 በመቶው አፍ በኪሱ ቢተረጎም ኖሮ ኩባንያው በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ደንበኛ ባጣ ነበር፡፡

ሒሳቡ ሲወጣ የታየው ሌላ ነው፡፡ በ2021 መጨረሻ 180 ሚሊዮን የነበሩት ከፋይ ደንበኞች በማርች 2022 መጨረሻ 182 ሚሊዮን ሆኑ፡፡ ያውም ኩባንያው ከሩሲያ በመውጣቱ ምክንያት 1.5 ሚሊዮን ደንበኞች ከተቀነሱ በኋላ ነው፡፡ ዓመቱ ሲያልቅ ቁጥሩ 205 ሚሊዮን ደረሰ፡፡ በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 የኩባንያው አክሲዮን ከ15 በመቶ በላይ ወርዶ ነበር፡፡ ዋናው ምክንያት ግን ለቀጣዩ ሩብ ዓመት የተተነበየው የደንበኛ ቁጥር ገበያው ከጠበቀው ማነሱ ነበር፡፡

ይህ ማለት ተቆጭዎቹ ዋሹ ማለት አይደለም፡፡ ደንበኛው ለዓመታት ያሰባሰበው የዘፈን ዝርዝር እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው፡፡ የቤተሰቡ ክፍያ በአንድነት የታሰረ ነው፡፡ አንድ አቅራቢ ስላበሳጨው ብቻ ያንን ሁሉ ጥሎ መውጣት ይከብደዋል፡፡ የሚያበሳጨውን ሰው አለመክፈት ግን ምንም አያስከፍለውም፡፡ ብዙው ሰው ያደረገው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፡፡

የሺህ ጆሮ ዋጋ

የፖድካስት ማስታወቂያ የሚሸጠው በሺህ ጆሮ ነው፡፡ በአሜሪካ ገበያ የተለመደው ዋጋ ለሺህ ሰሚ 20 ዶላርና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፡፡ የሚስተር ሮጋን አንድ ክፍል በአማካይ 11 ሚሊዮን ሰው ይሰማዋል ሲባል ነበር፡፡ በዚህ ሒሳብ አንድ ማስታወቂያ በአንድ ክፍል ብቻ 220 ሺህ ዶላር ያወጣል ማለት ነው፡፡ በሳምንት ሦስትና አራት ክፍል፣ በክፍሉም በርካታ ማስታወቂያ ይገባል፡፡ 200 ሚሊዮን ዶላር የተከፈለበት ምክንያት ከዚህ ይገባል፡፡

በዚህ ስሌት ውስጥ የተናደደ ጆሮና የተደሰተ ጆሮ ዋጋቸው እኩል ነው፡፡ «ዛሬ ደግሞ ምን ብሎ ይሆን?» ብሎ ለመቆጣት የከፈተው ሰው ከወዳጁ ጋር አብሮ ይቆጠራል፡፡ በጠጅ ቤት አዝማሪ የሰደበው ሰው ስቆ ብር እንደሚሸልመው ሁሉ፣ እዚህም ተሰዳቢው ሳያውቀው ሸላሚ ነው፡፡

መውጫው በር ሲዘጋ

በፌብሩዋሪ 2024 ውሉ ታደሰ፡፡ ዎል ስትሪት ጆርናል አዲሱን ዋጋ እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ዘገበ፡፡ ከዋጋው ይልቅ ትልቁ ለውጥ ብቸኝነቱ መቅረቱ ነው፡፡ ፖድካስቱ በአፕል፣ በአማዞንና በዩቲዩብም መሰራጨት ጀመረ፡፡ ለኩባንያው ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፡፡ በአንድ ሱቅ ታስሮ ከሚሸጥ ሸቀጥ፣ በየሱቁ ተሰራጭቶ የማስታወቂያ ገንዘቡ ወደ አንድ ቋት የሚገባ ሸቀጥ ይሻላል፡፡

ለተቃዋሚው ሰሚ ግን ለውጡ መራራ ነበር፡፡ ኒል ያንግ በማርች 2024 ወደ ስፖቲፋይ ተመለሱ፡፡ ምክንያታቸው ሌሎቹም ሱቆች ያንኑ ፖድካስት ማቅረብ መጀመራቸው ነበር፤ ሁሉንም ትቶ መውጣት ሙዚቃን ከአድማጭ መለየት ሆነባቸው፡፡ ጆኒ ሚቼልም ተመለሱ፡፡ ሸቀጡ በአንድ ሱቅ ብቻ ሳለ ቅር ያለው ሰው ሱቁን ጥሎ መውጣት ይችል ነበር፡፡ በሁሉም ሱቅ ሲሸጥ ግን የሚወጣበት በር ጠፋ፡፡

ከዚያ ወዲህ የአቅራቢው ጉልበት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፡፡ በኦክቶበር 2024 ከሚስተር ዶናልድ ትራምፕ ጋር ያደረጉት የሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ በጥቂት ቀናት ውስጥ በዩቲዩብ ላይ ከ30 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ፡፡ በምርጫው ዋዜማም ድጋፋቸውን ለትራምፕ ሰጡ፡፡ በ2025 ደግሞ መንግሥት ስደተኞችን ያለ ተገቢ የፍርድ ሂደት ማባረሩን በብርቱ ነቀፉ፡፡ ትናንት የተቃወሟቸው ጥቂት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ትናንት ያጨበጨቡላቸው ተቆጡ፡፡ የጆሮው ቁጥር ግን በሁለቱም ቀን ተቆጥሯል፡፡

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፡፡ በዚህ ገበያ የታየው ደግሞ ወለምታው የሚያመው ተናጋሪውን አለመሆኑ ነው፡፡ የተበላሸ ቅቤ የሸጠ ነጋዴ ቢያንስ ቅቤውን ይዞ የሚመለስበት ገዢ ያገኘዋል፡፡ ስለ ክትባት የተሳሳተ ወሬ የሸመተ ሰው ግን የት ይመልሰዋል? ተናጋሪው «ሐኪም አይደለሁም» ይላል፡፡ ኩባንያው «ንግግሩ የእኔ አይደለም» ይላል፡፡ ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚጠይቀው የጆሮውን ቁጥር ነው፡፡ ዋስትና የሌለው ዕቃ ሲገዛ አገላብጦ የማየቱ ኃላፊነት የገዢው ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሰሚውም በእጁ የቀረችው አንዲት ሥልጣን ጆሮውን ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ ነች፡፡