በግቢ ውስጥ የሚፈጸም ጉልበተኝነት፦ ተማሪው የሚያምነውና እውነታው

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ጉልበተኝነት የልጅነት ጠባይ እንደሆነና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ አብሮ እንደሚቀር በሰፊው ይታመናል። ለዚህ እምነት የጥናቱ ታሪክ ራሱ ሳያግዝ አልቀረም፤ በኖርዌይ ይሠራ የነበረውና የዘርፉ ፈር ቀዳጅ የሚባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልቬየስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠናው የትምህርት ቤት ልጆችን ነበርና። ይሁን እንጂ እርሱ ያስቀመጣቸው ሦስት መለኪያዎች፣ ማለትም ድርጊቱ ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና በአድራጊውና በተጠቂው መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ፣ ዕድሜን አይጠቅሱም። እንዲያውም በምደባ አንድ ዶርም የገቡ ወጣቶች ተጣልተውም ቢውሉ ማታ የሚመለሱት ወደዚያው ክፍል በመሆኑ፣ የግቢ ኑሮ ለመደጋገም ይበልጥ ያመቻል፤ የትምህርት ቤት ልጅ ቢያንስ ሲመሽ ወደ ቤተሰቡ ይገባል።

ኃይል ሲባልም ብዙዎች የሚያስቡት ጡንቻን ነው። በግቢ ውስጥ ግን ኃይል የሚመነጨው በዶርሙ የብዙኃኑን ቋንቋ ከመናገር፣ ከገንዘብ፣ ለፍሬሽ ተማሪ ገና ያልተገለጠለትን የግቢውን አሠራር ከማወቅ፣ አንዳንዴም የሰውን ምስጢር ወይም ፎቶግራፍ በስልክ ከመያዝ ነው። ውጤት የሚሰጥ መምህር ተማሪውን በክፍል ፊት ደጋግሞ ሲያዋርድም መለኪያዎቹ ይሟላሉ፤ ተማሪዎች ይህንን እንደ መምህሩ አመል ቆጥረው ማለፋቸው የነገሩን ስም አይለውጠውም።

ከሁሉም ሥር የሰደደው እምነት «ቀልድ ነው» የሚለው ነው። በኢትዮጵያውያን መካከል መቀላለድና ቅጽል ስም ማውጣት የመቀራረብ ምልክት ስለሆነ፣ ይህ መከራከሪያ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። ልዩነቱ የሚታየው ተቀላጁ መልሶ መቀለድ ይችል እንደሆነና «በቃ» ሲል የሚሰማው መኖር አለመኖሩ ሲመረመር ነው፤ በአነጋገር ዘዬው በየምሽቱ የሚሳቅበት ተማሪ አብሮ ሲስቅ መታየቱ ብቻ መስማማቱን አያረጋግጥም፣ ሳቁ ባይታወርነትን መሸሺያ ሊሆን ይችላልና። አጥኚዎችም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነገር አስተውለዋል፦ ሰዎች በቀጥታ «ጉልበተኝነት ደርሶብህ ያውቃል?» ተብለው ሲጠየቁ የሚገኘው የአዎንታ ምላሽ፣ መሰደብ፣ መገለልና መዛትን የመሰሉ ድርጊቶች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ሲጠየቁ ከሚገኘው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ «በእኛ ግቢ ይህ የለም» የሚለው መልስ ስለ ግቢው ከሚነግረን ይልቅ ስለ ጥያቄው አቀራረብ የሚነግረን ሊበልጥ ይችላል።

የተመልካቾች ዝምታም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ዳርሊና ላታኔ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሙከራ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በድምፅ መስመር ሲነጋገሩ አንደኛው በድንገት ሲታመም እንዲሰሙ ተደረገ፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶው ሕመምተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ ለእርዳታ ሲነሡ፣ ሌሎች አራት ሰዎችም እንደሰሙ ካመኑት ግን የተነሡት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ1993 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፕሬንቲስና ሚለር በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ስለ መጠጥ ባደረጉት ጥናት፣ ተማሪዎች በግላቸው በግቢው የመጠጥ ልማድ ቅር እየተሰኙ ሌላው ሁሉ የተመቸው እንደሚመስላቸው ደርሰውበታል። የዚህ ዓይነቱ የጋራ የተሳሳተ ግምት በዶርም ውስጥም ሲሠራ፣ ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በልባቸው የሚጠሉት ድርጊት በስድስቱም ፊት ሳይነካ ይቀጥላል፤ አድራጊውም የጓደኞቹን ዝምታ ይሁንታ አድርጎ ይወስደዋል።

በቴሌግራም ቻናል ስም ሳይገለጽ የሚለጠፍ ስድብና ሐሜት ሕግ አይደርስበትም የሚለው እምነት በአጭሩ ስሕተት ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13፣ ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ በተደጋጋሚ በማሰራጨት ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና ማሳደርን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ከባድ በሆነ ጊዜም እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ችግሩ የሚበዛው ከማስረጃው ላይ ነው፤ ተጠቂው በኀፍረት መልእክቱን ወዲያው ሲያጠፋው ለዲኑም ሆነ ለፖሊስ የሚያሳየው ነገር ያጣል፤ ስለዚህ ከማጥፋቱ በፊት ጽሑፉን ከነቀኑና ከነላኪው መለያ በስክሪንሾት ማስቀረት ይኖርበታል።