ሦስት ፊት ላለው መስኮት ምን ዓይነት መጋረጃ?

ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ በሦስት ወገን መስታወት የሚገጠምለት የሳሎን መስኮት ከደጅ ሲያዩት ያምራል። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዘመን ያዘወተሩት ብርሃን ስለሚናፍቃቸው ነው። በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ካራቆሬ ግን ብርሃን የሚናፍቀው ሰው የለም፤ የሚናፈቀው ጥላ ነው። ስለዚህ እዚህ መጋረጃ ሲመረጥ ከጨርቁ ውበት በፊት የፀሐይ መንገድ ይታያል።

ካራቆሬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ አጋማሽ ግድም፣ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። አናት ላይ ያለች ፀሐይ ለመስኮት ችግር አይደለችም፤ የጣሪያው ክፈፍ ይበቃታል። የምታስቸግረው ዝቅ ብላ ስትመጣ ነው፤ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ። መስኮትዎ ወደ ምሥራቅ ከዞረ መካከለኛው መስታወት ጠዋት ጠዋት ይጋላል፤ ከጎኖቹ ደግሞ የደቡቡ በታኅሣሥ፣ የሰሜኑ በሰኔ ይብስበታል። ወደ ምዕራብ የዞረው መስኮት የባሰ ነው፤ የመንዝ ተራሮች ጀንበሯን ጥቂት ቀደም ብለው ቢጋርዷትም፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው ሲግሉ ከዋሉ በኋላ ነው የምትደርስበት። እንግዲህ ሦስቱን ፊት አንድ ዓይነት ጨርቅ ማልበስ ግድ አይደለም።

ሙቀቱ እንዴት ይገባል? ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ወንበሩንና ወለሉን ሲመታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የጋለው ወንበር መልሶ የሚረጨውን ሙቀት ግን መስታወቱ እንደ ብርሃኑ አያሳልፈውም። ሳሎኑ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ሚኒባስ ይሆናል። ወፍራም ቡናማ መጋረጃ ቢጋርዱበት ጨለማ እንጂ ቅዝቃዜ አያገኙም፤ ጨርቁ ብርሃኑን ጠጥቶ ራሱ ይግልና ሙቀቱን ለክፍሉ ይሰጣል። ነጭ ጨርቅ ግን አብዛኛውን ብርሃን ገና ወደ ሙቀት ሳይለወጥ በመጣበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ከሳሎን በኩል የወደዱት ቀለም ይሁን፤ ከመስታወቱ በኩል ነጭ ገበር ይግባበት። ነጭ አቡጀዲ ይበቃል፤ ከመሰፋቱ በፊት ግን ይታጠብ፤ አለበለዚያ በኋላ ይሰበሰብና መጋረጃውን ያጣምመዋል።

የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ነጭ የፕላስቲክ ገበር ያለው መካከለኛ ቀለም መጋረጃ የሚገባውን ሙቀት በ33 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ከውጭ የተዘረጋ ጥላ ግን ወደ ምዕራብ በዞረ መስኮት ላይ እስከ 77 በመቶ ይቀንሳል። ልዩነቱ የመጣው ጥላው ፀሐይዋን መስታወቱ ጋ ሳትደርስ ስለሚያስቀራት ነው።

የቀይ ባሕር ዳር ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። በምጽዋና በጅዳ አሮጌ ቤቶች ላይ ወደ መንገድ ወጣ ያሉ መስኮቶች አሉ፤ ፊታቸው ግን የእንጨት ርብራብ ነው። ፀሐይ ውጭ ትቀራለች፣ ነፋስ ይገባል፤ ባለቤቱ መንገዱን ሲያይ መንገደኛው እሱን አያየውም። ከዚህ ከይፋት ሳዑዲ ደርሶ የተመለሰ ሰው ጅዳ ላይ ሳያየው አልቀረም። ጥሩ አናጢ ከተገኘ ርብራቡን እዚህም ማሠራት ይቻላል፤ ካልተገኘ ከመስኮቱ በላይ የቆርቆሮ ጥላ፣ ወይም በሚጠቀለል ዘንግ ላይ የተሰፋ ሰሌን ይሠራል።

ስስ ነጭ መጋረጃ ቀን ቀን ከርብራቡ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ይሠራል። ውጭው ከውስጥ ስለሚደምቅ እርስዎ ያያሉ እንጂ አይታዩም። ማታ አምፖል ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ በደሴ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ራቱን በሦስት ወገን እየታየ ይበላል። ስለዚህ ማታ የሚሳብ ወፍራም መጋረጃ ይጨመር። የወባ ትንኝን ግን የትኛውም መጋረጃ አያግድም። የሚከፈቱት ሁለቱ ጎኖች ወንፊት ይገጠምላቸው፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣም መጋረጃው ወደ ዳር ተሰብስቦ የሚታሰር ይሁን።

አሁን ወደ ልኩ። ሦስቱ ፊቶች 60፣ 150 እና 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ድምሩ 270 ነው፤ ጨርቁ ተጨማዶ እንዲያምር እጥፉን፣ 5 ሜትር ከ40 ይግዙ። ብየዳ ቤት ያጠፈው የመጋረጃ ቧንቧ ማዕዘኖቹ ላይ በደጋፊ ብረት ይያዛል፤ ቀለበት ደግሞ ደጋፊውን አያልፍም። እንግዲህ መጋረጃው በየማዕዘኑ ተቆርጦ ለየፊቱ ለብቻው ይሰፋ። ጣሪያ ላይ የሚገጠም ተጣጣፊ ሐዲድ ከተገኘ ግን አንድ ወጥ መጋረጃ ዙሪያውን ይሄዳል።

ከመጋረጃው በላይ ትልቅ የእንጨት ወይም የጂፕሰም ሳጥን የሚያሰቅሉ አሉ። እኔ አልመክርም። አቧራ ይሰበስባል፤ ከዚያም በላይ ካራቆሬ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ጎረቤት ከተማ ማጀቴን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በሳይንስ ጽሑፎች የሚጠራው በካራቆሬ ስም ነው። ከሶፋ በላይ ከባድ ነገር አይሰቀል።

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጨርቁን ለከርሞ ያቆዩትና መጀመሪያ የውጭውን ጥላ ያሠሩ።